የሽመናው ድምፅ እንዳይቆም

አባቴ የሞተ ቀን አላለቀስኩም። በሠልስቱም አላለቀስኩም። በአርባው ጎረቤቶቼ እንባዬን መጠበቅ ሰልችቷቸው ስለ ዝናቡ ያወሩ ነበር። «ይቺ ልጅ አንጀት የላትም» ሲሉ ከኋላዬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይበሉ፣ አልቀየምኳቸውም። ያን ሰሞን አንጀቴ የት ገብቶ እንደነበር እኔ ራሴም አላውቅም። አሁን አርጅቻለሁ፤ ያሙኝ የነበሩትም አብዛኞቹ አፈር ተጭኗቸዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። እንግዲህ ማን ይቆጣኛል? የሆነውን እንደሆነው ላጫውታችሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤታችን ጉለሌ፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት፣ ሸማኔ ከሸማኔ በተጠጋጋበት መንደር ውስጥ ነበር። ጠዋት ከየቤቱ ሽመናው ሲጀምር እንግዳ ሰው የሚሰማው አንድ ጫጫታ ነው። ለእኛ ግን እያንዳንዱ ሸማኔ የራሱ የአመታት ስልት ነበረው። «ዛሬ እገሌ ከሚስቱ ተጣልቷል»፣ «እገሌን የትናንቱ ጠላ አልለቀቀውም» እያልን ከመኝታችን ሳንነሳ እናውቅ ነበር።

ሸማኔ ሲሠራ ያላየ ካለ እንዳይደናገር ልንገረው። ሸማኔው የሚቀመጠው መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ አፋፍ ነው። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መርገጫዎቹን ይረግጣል። ሲረግጥ ከፊቱ የተወጠረው ድር ይከፈታል፣ በመሃል መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ይልካል፣ ከዚያ ያለፈውን ክር፣ ማጉን፣ በመምቻው ወደ ራሱ ይመታዋል። ይኸው ነው ሥራው፣ ቀኑን ሙሉ። ይሄ የወንድ ሥራ ነው። ሴት ጥጡን ትፈትላለች፣ ማጉን ቀሰም በሚባል ቀጭን ሸምበቆ ላይ ታጠነጥናለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ግን አትገባም። ለምን እንደማትገባ የጠየቀም የለም።

አባቴን ሰው ጋሽ ወልዴ ይለዋል። ከጨንቻ ደጋ በእግሩ የመጣ ሸማኔ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች እኔን ያሳደገኝ እሱ ብቻውን ነው። በኋላ ታደለ የሚባል የአገሩን ልጅ ሙያ ሊያስተምረው አመጣው፤ አስተማረው፤ እንደ ልጁም ወደደው፤ ኋላ ደግሞ ለእኔ ዳረው። ታደለ ጎበዝ ሸማኔ ነበር። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፦ የጥጡ ብናኝ አይስማማውም። ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ያስነጥሰዋል። እሱ ባስነጠሰ ቁጥር አባቴ የሚሠራውን ሳያቆም «ይማርህ» ይለዋል። ቤታችን ውስጥ ከሽመናው ድምፅ ቀጥሎ የሚሰማው ይሄ ነበር።

ታደለ አቃቂ ፋብሪካ ሥራ አገኘ። «የእጅ ሽመና አበቃለት አስካለ፣ ተነሽ እንሂድ» አለኝ። ያኔ አባቴ ሆዱን ያመው፣ ምግብ ይከለክለው ጀምሯል። «ይሄን ሰውዬ ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አልኩት። በነገሩ ብዙ ተጨቃጨቅን። አባቴ ሆስፒታል የተኛ ሳምንት ታደለ ልብሱን በአንሶላ ቋጠረና በሩ ላይ ቆሞ፣ «እንግዲያው አባትሽን አግቢ!» አለኝ። ለአባቴ ሆስፒታል የምወስደውን ሾርባ እያቀዘቀዝኩ ነበር፤ ማቀዝቀዜን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ፈረንጁ ሐኪም አስጠራኝ። አጠገቡ የቆመው ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሩ፣ ይተረጉምልኛል። «ጉበቱ ላይ እጢ ወጥቷል። ቢላዋ አይነካውም። ቤቱ ይሁን ነው የሚሉት። ደግሞ አታስደንግጡት፣ አታናዱት፤ ያለችውን ጊዜ በሰላም ይጨርስ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮሃል፣ ይወድቃል። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ?

«ጋሪ የሚገኘው በየትኛው በር በኩል ነው?»

ድሬሰሩ አፍጥጦ አየኝ። ያልሰማሁ መስሎት ደገመልኝ። «ሰምቼሃለሁ ወንድሜ» አልኩት። ሰምቼ ነበር፤ ግን የተነገረው ለእኔ አልመሰለኝም። ጥርስ ሲነቀል ድዱ እንደሚደነዝዘው፣ እኔ ሁለመናዬ ደንዝዞ ነበር።

አባቴን በጋሪ አመጣሁት። ከሽመናው ክፍል በመጋረጃ ከተለየችው ጓዳ፣ አልጋው ላይ አስተኛሁት። ከዚያ በኋላ ከአልጋው አልወረደም። ትራሱን ሳስተካክልለት የመጀመሪያ ጥያቄው፣ «ታደለስ?» ሆነ።

«ሥራ ላይ ነው አባባ።»

«ድምፁ አይሰማኝም።»

«ድር እያደራ ነው፤ ደጅ ነው» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

አባቴ በመንደሩ ድምፅ መሃል የእኛ ቤት ዝም ማለት እንዳልጣመው ከፊቱ አየሁ። ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ቀረ። ቢያውቅስ? ልጁን ያለ እናት፣ ያለ ባል፣ ያለ ልጅ ትቷት እንደሚሄድ ቢያውቅስ? ከታመመበት ነገር ይልቅ ይሄ ይገድለዋል ብዬ አመንኩ። ጎረቤታችንን እትዬ ዘውዴን ሄጄ ጠየቅኋት። እናቴን ታውቅ ነበር፤ ከእኔ ጋር ጥጥ ትፈትላለች።

«በሞትኩት! እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ? ስለ በሽታውም ስለ ባልሽም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ስለ ሽመናውስ? ዝም ካለ ይጠረጥራል።»

«እሱን እንጃ የኔ ልጅ። ሸማኔ ከሰው ቤት አይዋሱት።»

በማግስቱ ጠዋት ቀሚሴን ወደ ላይ ሰብስቤ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ።

ታደለ የጀመረው ኩታ እንደተወጠረ ነበር፤ የሠራው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። እኔ ልሸምን አይደለም ሐሳቤ። ድምፁ ብቻ ነው የቸገረኝ። መምቻውን ይዤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ አደረግሁት። ማግ የለ፣ መወርወሪያ የለ፤ ባዶ ድር መደብደብ ብቻ።

ከጓዳ የአባቴ ድምፅ መጣ። «ታደለ! ምን ነካህ ዛሬ? መምቻው ይሰማኛል፣ መወርወሪያው ግን የለም።»

ክው አልኩ። መወርወሪያውን አነሳሁና ወረወርኩት። በድሩ መሃል እንደ ማለፍ ድሩን ቀዶ መሬት ላይ ወደቀ።

«ቀስ በል። ቀድመህ እርገጠው። ድሩ ሲከፈት ነው የሚወረወረው።»

ረገጥኩ። ወረወርኩ። አለፈ። መታሁ።

«እሱስ ይሻላል» አለ አባቴ።

እትዬ ዘውዴ ቅራሪ ይዛ ስትገባ ጉድጓድ ውስጥ አየችኝ። «በስመ አብ ወወልድ!» ብላ አማተበች። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ወደ መጋረጃው ጠቆምኳት። ገባት። ቅራሪውን አስቀምጣ፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር በነጠላዋ አፍና ወጣች።

በዚህ ሁኔታ ቀኑ ይነጋል፣ ይመሻል። ጠዋት አባቴን አጥበዋለሁ፣ ልብሱን እለውጥለታለሁ፣ የቻለውን ያህል አጎርሰዋለሁ፤ ከዚያ «ገበያ ልሂድ» ወይም «ልፍተል» እልና ጉድጓድ እገባለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፁ ይመጣል።

«ማጉን አትሳበው፤ ጠርዙ ይጠባል።»

ላላ አደርገዋለሁ።

«ከትከሻህ አትምታ፤ ይደክምሃል። ክርንህን ተጠቀም።»

በክርኔ እመታለሁ።

«ተበጠሰብህ አይደል? ፈልገህ ቋጥረው። አትለፈው፤ የታለፈ ድር ይቀዳል።»

ዓይኔ እስኪፈዝ ፈልጌ እቋጥራለሁ። መልስ አልሰጥም፣ እንዴት ልስጥ? የወንድ ድምፅ ከየት ላምጣ? አንድ ነገር ግን ትዝ አለኝ፦ ማስነጠሱ። ታደለ ሳያስነጥስ አይውልም። ስለዚህ በየመሃሉ አፍንጫዬን በክር እየኮረኮርኩ «ሃጢሽ!» እላለሁ።

«ይማርህ» ይላል አባቴ።

አቤት! ያን ጊዜ ስንት ሞኝነት ሠራሁ እናንተዬ። አባቴ «አስካለ!» ብሎ ሲጠራኝ ሽመናው ወዲያው ይቆማል፤ እኔ ፀጉሬ ሁሉ ጥጥ ሆኖ መጋረጃውን ገልጬ እገባለሁ። «አቤት አባባ?» «ውሃ።» ውሃ እሰጠዋለሁ። እወጣለሁ። ሽመናው ይጀምራል። እሱ አንዳች አይልም። አንድም ቀን «ታደለን ጥሪልኝ፣ ልየው» ብሎም አያውቅም። ይሄ ለምን እንደሆነ አላሰብኩም፤ ዕድለኛ ነኝ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ማሰብ ራሱ ያን ሰሞን ከእኔ ርቆ ነበር። እጄ ይሠራል፣ እግሬ ይረግጣል፣ እኔ የለሁም። ሌሊት አባቴ ሲያቃስት ሰምቼ እነሳለሁ፣ ጀርባውን አሸዋለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። አላዝንም፣ አልናደድም፣ ታደለም አይናፍቀኝ። ልብ የሚባለውን ነገር አንድ ቦታ አስቀምጬ የረሳሁት ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘውዴ መስላኝ ቀና አላልኩም።

«አስካለ?»

ታደለ ነው። በአንድ እጁ ብርቱካን በወረቀት ይዟል። የፋብሪካ ካኪ ለብሷል። ከበሩ ሳያልፍ ቆሞ እግሬን ያያል፣ እጄን ያያል፣ ድሩን ያያል።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ፣ ጮክ ብሎ። እጄን ወደ አፌ አድርጌ እንዲተው ለመንኩት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቃሉ ወጥቷል። መወርወሪያው በእጄ ቀረ። «አለቀ» አልኩ በሆዴ። «አሁን ገደልነው።»

«ታደለ ነህ?» አለ አባቴ ከጓዳ። ድምፁ አልተለወጠም። «ግባ። ደህና መጣህ።»

ታደለ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። እኔ ከጉድጓዱ አልወጣሁም። እዚያው ተቀምጬ ሰማሁ።

«እንደምን ነዎት አባባ?»

«ይመስገን። ፋብሪካው እንዴት ነው? በረታህ?»

እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይሄን አንድ ጥያቄ ደጋግሜ አሰብኩት። ፋብሪካው እንዴት ነው። ፋብሪካው እንዴት ነው።

«አስካለ!» አለ አባቴ። «ለምን ቆመ? ሥሪ እንጂ። ታደለ እንዲሰማው ነው።»

ረገጥኩ፣ ወረወርኩ፣ መታሁ። ረገጥኩ፣ ወረወርኩ፣ መታሁ።

«እስቲ ጆሮህን ስጠው» አለው አባቴ። «አንተ የሠፈሩን ሸማኔ ሁሉ ታውቃለህ። ይሄ የማን እጅ ነው?»

ታደለ አዳመጠ። በኋላ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ፣ «የእርስዎ ነው አባባ» አለ። «ዓይኔን ብጨፍን የእርስዎ ነው የምለው።»

እኔ መሥራቴን አላቆምኩም።

ታደለ ወጥቶ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጠ። «አስካለ፣ እኔ አፌ ነው ያኔ...» ብሎ ጀመረ። «ልመለስ? እኔ ልሥራልሽ፤ ውጪ በቃ።»

ከጉድጓዱ እንዲያወጣኝ እጁን ዘርግቷል። እጁን አየሁት። ያን እጅ ስንት ዓመት አውቀዋለሁ። ይሄ ሰው ባሌ ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባል ብዬ ራሴን ጠበቅሁት፤ ምንም አልመጣም።

«አሁን መውጣት አልችልም» አልኩት። «መስመሩን ልጨርስ።»

ቢጠብቅ ቢጠብቅ አንዱን መስመር ጨርሼ ሌላውን ቀጠልኩ። በመጨረሻ ብርቱካኑን አስቀምጦ፣ ለፈረቃው እንዳይረፍድበት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው የወጣሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ከስቶ ብርድ ልብሱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ዓይኑ ግን ይስቃል።

«አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?»

«ከመጀመሪያዋ ዷ!» አለ። «ደግሞ ያ ማስነጠስሽ! እኔን ያመመኝ ሆዴን ነው እንጂ ጆሮዬን መሰለሽ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ማወቄን ብታውቂ ከጉድጓዱ ትወጫለሽ። ‘አስካለ፣ ነይ ልጄ ሽመና ላስተምርሽ’ ብልሽ ትገቢልኝ ነበር?»

«አልገባም ነበር።»

«አየሽ? እኔም ብሆን አላስተምርሽም። ሴት ልጅ ጉድጓድ ትግባ የሚል ሐሳብ ከየት ይመጣልኛል? ራስሽ ገባሽ። እኔ ተኝቼ ምን እተውላታለሁ እያልኩ ነበር የምጨነቀው። ዷ ሲል ሰማሁ።» ትንሽ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሐኪሙ ያለውንም አውቃለሁ። እሱንም በይ ደብቂኝ፤ አልቀየምሽም።»

እጁን ያዝኩት። ከዚህ በኋላ ሁለታችንም ስለዚያ ነገር አላነሳንም፤ የሚነሳ ነገርም አልቀረ። ብርቱካኑን ልጬ ጭማቂውን በማንኪያ አጠጣሁት።

ከዚያ ወዲያ በስሜ እየጠራ ያርመኝ ጀመር። «አስካለ፣ ጠርዙን።» «አስካለ፣ ጥለቱ ጋ ስትደርሺ ቀስ።» ድምፁ በየቀኑ እየቀነሰ ሄደ፤ ኋላ ላይ በቃል ማለት ሲያቅተው የአልጋውን እንጨት በጣቱ ኳ ያደርግልኛል። ኳ ካለ ስህተት ነው ማለት ነው። እኔም እሱን እየሰማሁ፣ ስህተቴ ምን እንደሆነ ራሴ ፈልጌ አገኛለሁ።

አንድ ጠዋት፣ ከእንጦጦ ነፋሱ ወርዶ ቆርቆሮውን ያንኳኳው ነበር፣ ማጉን ሳብኩት። ጠርዙ ወደ ውስጥ ጠበብ ሲል በዓይኔ አየሁ። የአልጋው እንጨት ኳ እስኪል ጠበቅሁ። አልመጣም። ነፋሱ ሸፍኖት ይሆናል ብዬ ሆን ብዬ ደገምኩት፤ ይበልጥ ሳብኩት። እጄን ከመምቻው ላይ አንስቼ አዳመጥኩ። የመንደሩ ሽመና ሁሉ ይሰማል። ከጓዳ ግን ምንም።

ወዲያው አልተነሳሁም። ያጠበብኩትን ማግ አንድ በአንድ ፈታሁ፤ በትክክሉ ላላ አድርጌ መለስኩት፤ መታሁት። ጠርዙ ቀጥ ሲል መወርወሪያውን ድሩ ላይ አስቀመጥኩና ገባሁ። ዓይኑ ተከድኗል፤ ጣቱ የአልጋው እንጨት ላይ ነበር።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ ድንኳን፣ እድር፣ ለቅሶ። ታደለ መጥቶ ከሬሳው ጋር ሄደ፤ ደህና አለቀሰ፤ ከእኔ የተሻለ። ለአርባውም መጣ። «እንግዲህ ምን ታስቢያለሽ?» አለኝ። «ወደ አቃቂ አልሄድም» አልኩት። «እኔ ልምጣ?» አለኝ። «ጉድጓዱ ለአንድ ሰው ነው» አልኩት። ቂም ኖሮኝ አይደለም፤ እውነቱን ነው የነገርኩት። ኋላ አግብቶ ልጆች ወለደ ሲባል ሰማሁ። እሰይ።

መንደሩስ? መጀመሪያ ጉድ ተባለ። «ሴት ሸማኔ» ብለው ልጆች በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። ገዢዎቹ ግን የሠራው ወንድ ይሁን ሴት አይጠይቁም። ያን ኩታ አልሸጥኩትም። ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ። የታደለ አንድ ክንድ ደህና ነው፤ ከዚያ የእኔ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ወንፊት ናቸው፤ ብርሃን ያሳልፋሉ። ወደ መጨረሻው ሲሄድ ጥቅጥቅ ይላል። እዚያ አባቴ የሞተበት ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ፈትቼ ስለሠራሁት አይታይም።

እናንተ ደግሞ፣ የታመመ ወላጅ ያላችሁ፣ «እሱ አያውቅም፣ እሷ አታውቅም» እያላችሁ በሹክሹክታ የምትኖሩ ካላችሁ፣ አትጨነቁ። የሚያውቁ ይመስለኛል። ዝም የሚሉት ለእናንተ ሲሉ ነው።

አለቀስሽ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ አንድ ቀን። ክረምቱ ወጥቶ፣ አዲስ ድር አድርቼ ጉድጓድ ገባሁ። ብቻዬን ነበርኩ፤ የጥጡ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል። አስነጠሰኝ። ክር አልነካሁ፣ ምን አልነካሁ፤ እውነተኛ ማስነጠስ ነው። ሥራዬን አቁሜ ወደ መጋረጃው ዞሬ ጠበቅሁ።

ማንም ይማርሽ አላለኝም።

ያኔ ነው የመጣው። እስኪመሽ አለቀስኩ። እትዬ ዘውዴ ሮጣ መጥታ፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ራሴን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ «እሰይ የኔ ልጅ፣ እሰይ» ትለኝ ነበር።